ጀርባ ውስጥ የተቀበረው መሣሪያ እንደገና ሊከፈት ሲሆን

ጫማዎን ለማሰር ጎንበስ ይላሉ። ቀና ሲሉ እግርዎ ላይ የለመዱት ውርር የሚል ስሜት ጠፍቷል። በምትኩ ጎንዎን፣ ከጎድን አጥንትዎ ሥር ይነዝርዎታል። ሪሞቱን አንስተው ኃይሉን ከፍ ያደርጋሉ። ጎንዎ ባሰበት። እግርዎ ላይ ግን ምንም የለም፤ የድሮው ሕመም ብቻ ቀስ እያለ ይመለሳል።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ የታወቀ ነው። ቀጠሮ፣ ምርመራ፣ ራጅ። መጨረሻ ላይ ሐኪሙ ፊልሙን እያየ "እንደገና መክፈት ሳያስፈልገን አይቀርም" ይላል። ያኔ ሆድ ባር ባር ይላል። አንድ ጊዜ ጀርባውን የተከፈተ ሰው ሁለተኛውን በጉጉት አይጠብቅም።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ሰው ነው፤ ስቲሙሌተር የሚባለው፣ በጀርባ በኩል ኤሌክትሪክ እየላከ የቆየ ሕመምን የሚያደበዝዝ መሣሪያ ለተቀበረበት። አጠገቡ ሆኖ ለሚያስታምመውም ጭምር። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። "ድጋሚ ቀዶ ጥገና" ሲባል አንድ ነገር ይመስላል። አይደለም። ባትሪ ቀይሮ በዚያው ቀን ቤት መግባትም በዚህ ስም ይጠራል። ከአከርካሪ አጥንት ላይ ጥቂት ቆርጦ አዲስ ኤሌክትሮድ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚሰጠውን ብረት፣ ማስገባትም ያው ነው። ሁሉንም ነቅሎ ማውጣትም እንደዚሁ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት የሰማይና የምድር ነው። ስለዚህ "መቼ ነው የምገባው?" ከማለትዎ በፊት "የትኛው ነው? ለምንስ?" ይበሉ።

ለመሆኑ ምን ነበር የተቀበረው?

ዘመድ ሲጠይቅ "ጀርባዬ ውስጥ ማሽን አለ" ብሎ መገላገል ይቀላል። ሲዘረዘር ግን ውስጥ ያለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ቀጭን ሽቦ ነው፤ ጫፉ ላይ ኤሌክትሮድ የሚባሉ ትንንሽ የብረት ቀለበቶች ተደርድረዋል። ሁለተኛው ባትሪና ትንሽ ኮምፒውተር አብረው የታሸጉበት ጠፍጣፋ ቆርቆሮ የሚመስል ነገር ነው። ብዙ ሰው በአጭሩ "ባትሪው" ይለዋል፤ እኔም እንደዚያው ልበለው። ሪሞቱ ውጭ ነው።

ሽቦው የሚገባው በአከርካሪ አጥንቱ ቦይ ውስጥ ነው። ሕብለ ሰረሰሩን ራሱን አይነካም። ከሸፈነው ሽፋን ውጭ ባለች ጠባብ ክፍተት ውስጥ ይጋደማል። ለወገብና ለእግር ሕመም ሲሆን ጫፉ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ከደረት አከርካሪዎች 8ኛውና 9ኛው አካባቢ ነው። ሕመሙ ከታች፣ ሽቦው ግን ከላይ መሆኑ ብዙ ሰው ይገርመዋል። የእግር መልእክት ወደ አንጎል ሲወጣ በዚያ ስለሚያልፍ ነው። የሽቦው ሌላኛው ጫፍ በቆዳ ሥር ወርዶ፣ ከመቀመጫ በላይ ወይም ጎን ላይ በተሠራች ኪስ ውስጥ ከባትሪው ጋር ይገጣጠማል።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል በ1965 እ.ኤ.አ. ሕብለ ሰረሰር ውስጥ የሕመምን መልእክት የሚያሳልፍና የሚዘጋ "በር" አለ የሚል ጽንሰ ሐሳብ አቀረቡ። ክንዳችንን ነገር ሲመታን ወዲያው እናሸዋለን አይደል? ማሸቱ በሩን ገፋ አድርጎ ይዘጋዋል እንደ ማለት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1967፣ ኖርማን ሺሊ የተባለ አሜሪካዊ የነርቭ ቀዶ ሐኪም የመጀመሪያውን መሣሪያ ሰው ላይ ተከለ። ከዚያ ወዲህ ባትሪው አነሰ፣ ዕድሜውም ረዘመ። መሠረቱ ግን ያው ነው። በሽታውን አያድንም፤ ወደ አንጎል የሚሄደውን የሕመም መልእክት ያደበዝዘዋል።

ሽቦው ሲሸሽ

ከዕቃው ብልሽቶች ሁሉ በብዛት የሚታየው ይኸኛው ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ ከ100 ታካሚዎች በ13ቱ ገደማ ሽቦው ከቦታው እንደ ተንቀሳቀሰ፣ በ9ኙ ገደማ እንደ ተበጠሰ፣ ከ3 እስከ 4 በሚሆኑት ደግሞ ኢንፌክሽን እንደ ተፈጠረ አስፍሯል። ዛሬ መሣሪያውም አሰካኩም ተሻሽሏል። ቢሆንም እርስዎ የገጠመዎት ነገር እንግዳ እንዳልሆነ ቁጥሩ ይነግርዎታል። "እኔ ምን አጥፍቼ ነው?" እያሉ ራስዎን ከመብላትም ያድናል።

ለምን ይሸሻል? ጀርባ የሚታጠፍ ነገር ስለሆነ ነው። ሐኪሙ ሽቦውን ከጀርባ ሥጋ ጋር በስፌት ያስረዋል። ስፌቱ ብቻውን ግን ብዙ አይችልም። ሽቦውን በደንብ የሚይዘው በዙሪያው የሚያድገው ጠባሳ ነው፤ ጠባሳው እስኪጠነክር ደግሞ ሳምንታት ይወስዳል። በዚያ መካከል ጎንበስ ማለት፣ መጠምዘዝ፣ ከበድ ያለ ነገር ማንሳት ሽቦውን ይጎትተዋል። የሚያስፈልገው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። እግር ላይ ይሰማ የነበረው ጎን ላይ ወይም ሆድ ላይ ይወጣል።

አሁን ወደ ምርመራ ክፍሉ እንግባ። ብዙ ሰው ቢላ የሚቀርለት እዚህ ላይ ነው። ባለሙያው ታብሌት ይዞ ተቀምጧል። አንድ ሽቦ ላይ ብዙውን ጊዜ 8 ኤሌክትሮዶች አሉ፤ ሽቦው ሁለት ከሆነ 16 ይሆናሉ። ባለሙያው አንዱን አጥፍቶ ሌላውን እያበራ ይጠይቅዎታል።

"አሁን የት ነው?"

"ጎኔ።"

"አሁንስ?"

"ሆዴ ላይ… ቆይ፣ ቆይ። ጭኔ ላይ መጣ።"

"በየትኛው በኩል?"

"በቀኝ። የሚያመኝ ግን ግራዬ ነው።"

ይህች ትንሽ ንግግር ብዙ ትናገራለች። ሽቦው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ብቻ ከሸሸ፣ ከታች ወይም ከላይ ያሉትን ኤሌክትሮዶች በማብራት ስሜቱን ወደ ቦታው መመለስ ይቻል ይሆናል። ወደ ጎን ከዞረ ግን ይከብዳል፤ በግራ በኩል የቀረ ኤሌክትሮድ ከሌለ ፕሮግራሙ የፈለገውን ያህል ቢቀያየር ግራ እግር ላይ ላይደርስ ይችላል። ለዚህ ነው ሐኪሙ ራጅ የሚያዝዘው። ከመጀመሪያው ቀዶ ጥገና ቀን ከተነሣው ራጅ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ ጫፉ የት እንደ ነበረና የት እንደ ደረሰ ያያል። የድሮው ራጅ ከጠፋ ማወዳደሪያ የለም።

ስለዚህ ፕሮግራሙን በደንብ ሳይሞክሩ "ይከፈት" ከተባለ ቆም ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። አንድ ቀጠሮም ላይበቃ ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ታብሌቱን የያዘው ሰው ብዙ ጊዜ መሣሪያውን ያመረተው ድርጅት ሠራተኛ ነው። አብዛኞቹ ትሑትና ሥራቸውን የሚያውቁ ናቸው። ስለ ማሽኑ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ስለ ጀርባዎ የሚወስነው ግን ሐኪምዎ ነው። "አዲሱ ሞዴል ይሻልዎታል" የሚል ቃል ከማን አፍ እንደ ወጣ ልብ ይበሉ።

ሲበጠስ፣ ሲያልቅ፣ ሲገለበጥ

የተበጠሰ ሽቦ ከሸሸው ይልቅ ለመለየት ይቀላል። መሣሪያው ራሱን ይፈትሻል። ኤሌክትሪኩ በእያንዳንዱ ኤሌክትሮድ ሲያልፍ ምን ያህል እንቅፋት እንደሚገጥመው ይለካል፤ ባለሙያዎቹ ኢምፒዳንስ ይሉታል፣ መለኪያው ኦም ነው። ቁጥሩ አለቅጥ ከናረ የሆነ ቦታ ላይ መስመሩ ተቋርጧል ማለት ነው። ወይ ሽቦው ተበጥሷል፣ ወይ ከባትሪው ጋር የሚገናኝበት መሰኪያ ላልቷል። ሁለተኛው ከሆነ ዕድለኛ ነዎት፤ ኪሱን ከፍቶ እንደገና መሰካት ሊበቃ ይችላል። ምልክቱም ለየት ይላል። አንዳንዱ ሰው ሲቀመጥ ይሠራለታል፣ ሲቆም ይጠፋበታል። ሌላው ድንገት እንደ ኤሌክትሪክ ንዝረት ይመታዋል።

ባትሪ ማለቅ ብልሽት አይባልም፤ የሚጠበቅ ነው። ቻርጅ የማይደረገው ዓይነት እንደ አጠቃቀሙ የተወሰኑ ዓመታት ሠርቶ ይደክማል፤ ኃይሉ ከፍ ባለ ቁጥር ቶሎ ያልቃል። ቻርጅ የሚደረገው ደግሞ ወደ 10 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ እንዲሠራ ተብሎ የተሠራ ነው። ባትሪ መቀየር ከሁሉም ቀላሉ ነው። አከርካሪው አይነካም። ኪሱ ይከፈታል፣ አሮጌው ይወጣል፣ አዲሱ ከነበረው ሽቦ ጋር ይገጠማል፣ ይሰፋል። ቀላል ነው ብሎ መናቅ ግን አይገባም። ኪሱ በተከፈተ ቁጥር ጀርም የሚገባበት ቀዳዳም አብሮ ይከፈታል።

ኪሱ በራሱ ጣጣ የሚያመጣበት ጊዜም አለ። ባትሪው ቀበቶ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ይሆንና በተቀመጡ ቁጥር ይቆረቁራል። ኪሱ ሰፊ ከሆነ ባትሪው ውስጡ ይገለበጣል። የተገለበጠ ባትሪ ከቻርጀሩ ጋር አይገናኝም፤ "ቻርጅ አልይዝ አለኝ" ብሎ የመጣ ሰው ችግሩ ይኸው ሊሆን ይችላል። ብዙ ኪሎ የቀነሰ ሰው ደግሞ ከባትሪው በላይ ያለው ቆዳ ሊሳሳበት ይችላል። ቆዳው ቀልቶ፣ አብረቅርቆ፣ ስስ ሆኖ ካዩት ቀጠሮ አይጠብቁ። ብረቱ ቆዳውን በስቶ ከወጣ ጉዳዩ ወደ ኢንፌክሽን ይዞራል።

ኢንፌክሽን የራሱ ሕግ አለው። ጀርም ብረት ላይ ተጣብቆ ሲቀመጥ ኪኒን በቀላሉ አያገኘውም። ስለዚህ ኢንፌክሽኑ ኪሱ ጋ ከደረሰ ብዙ ጊዜ መፍትሔው መሣሪያውን በሙሉ ማውጣት፣ በአንቲባዮቲክ ማከም፣ ከዚያ ወራት ጠብቆ እንደገና ስለ መትከል ማሰብ ነው። "ሽቦው ይቅርና ባትሪው ብቻ ይውጣ" የሚል ልመና እረዳለሁ፤ ያንን ቦታ ሁለተኛ መጀመር ማን ይወዳል? ግን ሽቦው ጀርሙን ይዞት ወደ አከርካሪው ቦይ የሚወስድ ቀጥ ያለ መንገድ ነው። እዚያ መግል ከቋጠረ እግርን ሽባ ሊያደርግ ይችላል። በዚህ ላይ ሐኪሙ ፈርጠም ቢል አይቀየሙት።

ሁሉም ይሠራል፣ ሕመሙ ግን አለ

ከሁሉም የሚከብደው ይኸኛው ነው። ራጁ ደህና ነው። ኢምፒዳንሱ ደህና ነው። ባትሪው ሙሉ ነው። ውርር የሚለውም ስሜት በትክክል ሕመሙ ያለበት ቦታ ላይ ነው። ግን አያስታግስም። መጀመሪያ ዓመት ላይ ተአምር የመሰለው ነገር በሦስተኛው ዓመት ተራ ንዝረት ይሆናል። ሰውነት ይለምደዋል።

በዚህ ጊዜ በመጀመሪያ መጣራት ያለበት ሕመሙ ያው የድሮው ሕመም መሆኑ ነው። ስቲሙሌተር ያለው ሰው አዲስ በሽታ አይይዘውም ያለው ማን ነው? ሌላ ዲስክ ሊወጣ ይችላል። የአከርካሪው ቦይ ሊጠብ ይችላል። የዳሌ መገጣጠሚያ ሊያረጅ ይችላል። እነዚህን ሁሉ "መሣሪያው ደከመ" ብሎ ማለፍ የተለመደ ስሕተት ነው። ሽቦውን አሥር ጊዜ ቢያስተካክሉት አዲሱን ሕመም አያገኘውም።

ሕመሙ ያው የድሮው ከሆነ ደግሞ የሞገዱን ዓይነት መቀየር ይሞከራል። የድሮው አሠራር በሰከንድ ከ40 እስከ 60 አካባቢ ምት እየላከ ውርር የሚል ስሜት ይሰጥ ነበር። በሰከንድ 10,000 ምት የሚልከው ዓይነት በ2015 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ፈቃድ አግኝቷል፤ ሰውየው ምንም ሳይሰማው ይሠራል። ምቱን ሰብሰብ እያደረገ በጅምላ የሚልክም አለ። የነርቩን ምላሽ እያዳመጠ ኃይሉን ራሱ የሚያስተካክለው ዓይነት ደግሞ በ2022 ተፈቅዷል። አንዳንዱን አሁን ባለዎት ባትሪ ላይ በፕሮግራም ብቻ መሞከር ይቻላል። ሌላው ባትሪውን መቀየር ይጠይቃል። አንዳንዴም የአንዱ ድርጅት ሽቦ በመካከል በሚገባ ማገናኛ ከሌላ ድርጅት ባትሪ ጋር ይገጠማል። ስለዚህ "ሁሉም ይቀየር" ከመባሉ በፊት "በነበረው ሽቦ ላይ መሞከር አይቻልም?" ብሎ መጠየቅ ዋጋ አለው።

ከምርጫዎቹ አንዱ ማውጣት ነው

እዚህ ላይ የራሴን አስተያየት ልናገር። ድጋሚ ቀዶ ጥገና ሲነሣ ሁሉም ሰው የሚጠይቀው "እንዴት ይጠገናል?" ብሎ ነው። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው "ሲሠራ በነበረ ጊዜ ምን ያህል ጠቅሞኝ ነበር?" የሚለውን ነው።

መጀመሪያ ሙከራ አድርገው እንደነበር ያስታውሳሉ። ጊዜያዊ ሽቦ ገብቶ፣ ባትሪው ውጭ ተለጥፎ፣ ለጥቂት ቀናት። የተለመደው መለኪያ ሕመሙ ቢያንስ በግማሽ መቀነሱ ነበር። አሁንም ያንኑ ሚዛን ያውጡት። መሣሪያው ደህና በነበረበት ጊዜ ይተኙ ነበር? ምን ያህል ይራመዱ ነበር? ስንት ኪኒን ቀንሰው ነበር? "ሁለት ዓመት ሙሉ ቀና ብዬ ሄጄበታለሁ፣ ባለፈው ወር ነው የጠፋው" የሚል ሰውና "እውነቱን ለመናገር ያን ያህልም አልነበረም" የሚል ሰው አንድ ዓይነት ራጅ ይዘው ቢመጡ እንኳ መልሳቸው የተለያየ ነው። ለመጀመሪያው ሽቦውን መመለስ ጥሩ ምክንያት አለው። ለሁለተኛው ሌላ ሽቦ ማስገባት በባዶ ኪስ ላይ ኪስ መስፋት ነው።

ይህን የምለው ከመሬት ተነሥቼ አይደለም። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምገማ፣ ለቆየ የወገብ ሕመም ይህ መሣሪያ ከማስመሰያ ሕክምና የተሻለ መሆኑን ያለው መረጃ እንደማያሳይ ገልጿል። ብዙ የሕመም ሐኪሞች በዚህ አልተስማሙም፤ ክርክሩ እስካሁን አልበረደም። ኤፍዲኤ የሚባለው የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪም በ2020 ለሐኪሞች ደብዳቤ ጽፎ ነበር። በአራት ዓመት ውስጥ ከዚህ መሣሪያ ጋር የተያያዙ 107,728 ሪፖርቶች እንደ ደረሱት፣ ከነዚህም 497ቱ ከሞት ጋር የተያያዙ እንደ ነበሩ ጠቅሶ፣ ቋሚው ከመተከሉ በፊት ሙከራ እንዲደረግ አሳሰበ። ሪፖርት ማለት ጥፋተኛው መሣሪያው ነው ማለት እንዳልሆነ ልብ ይበሉ። ግን "ምንም የለበትም" የሚለውን ወሬ ያስተባብላል።

በሌላ በኩል፣ ሕይወታቸውን የመለሰላቸው ሰዎች አሉ። ለእነሱ ይህ ሁሉ ክርክር የወረቀት ነው። እርስዎ ከየትኛው ወገን እንደሆኑ ግምገማ አይነግርዎትም፤ ያሳለፉት ጊዜ ይነግርዎታል። ማውጣትም ራሱ ቀዶ ጥገና ነው፤ ጠባሳ ውስጥ የገባ ነገር በቀላሉ አይወጣም። ስለዚህ አጥፍቶ መተውም አንድ መንገድ ነው። ጥያቄው ለምሳሌ ወደፊት ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሣው ምርመራ) ያስፈልግዎታል ወይ የሚለው ነው።

ስለ ኤምአርአይ ካነሣን አይቀር፦ "ባትሪዬ ኤምአርአይ ይችላል" ማለት ብቻ አይበቃም። የሚታየው ሽቦው፣ ባትሪውና አገጣጠማቸው አንድ ላይ ነው። የተበጠሰ ሽቦ ወይም ከአሮጌው ተቆርጦ የቀረ ቁራጭ ውስጥ ካለ ሊሞቅና ሊያቃጥል ስለሚችል ፈቃዱ ሊሰረዝ ይችላል። ስለዚህ ከቀዶ ጥገናው በፊት "ውስጥ የሚቀር ነገር አለ?" ብለው ይጠይቁ።

ቢላው ሲመጣ

ሁለተኛው ከመጀመሪያው የሚለየው በጠባሳ ነው። ያ ሽቦውን ይዞ እንዲያቆየው የተመኘነው ጠባሳ አሁን መንገድ ይዘጋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሽቦው በወፍራም መርፌ ገብቶ እየተንሸራተተ ወደ ቦታው ሄዶ ይሆናል። አሁን በዚያው መንገድ ሲገፋ እንቢ ሊል ይችላል። ያኔ ሐኪሙ ከአከርካሪው አጥንት ጥቂት ቆርጦ ሰፋ ያለ፣ ጠፍጣፋ ኤሌክትሮድ ያስገባል። ይህኛው እንደ ቀጭኑ ቶሎ አይሸሽም። ቀዶ ጥገናው ግን ከበድ ይላል፤ ማገገሚያውም ይረዝማል። ሽቦው ደጋግሞ ለሸሸበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚመከረው ይህ ነው።

አንዳንዱ ሐኪም በመካከል ቀስቅሶ "የት ይሰማዎታል?" ይላል። ሌላው ሙሉ በሙሉ አስተኝቶ ነርቮቹን በመሣሪያ እየተከታተለ ይሠራል። ሁለቱም የተለመዱ ናቸው። መንቃት የሚያስፈራዎት ከሆነ ቀደም ብለው ይናገሩ። የማደንዘዣ ባለሙያው መሣሪያ እንዳለዎት ማወቅ አለበት፤ ደም ለማቆም የሚጠቀሙበት የማቃጠያ ኤሌክትሪክ መሣሪያውን ሊጎዳ ስለሚችል።

አደጋዎቹን በአጭሩ። የሕብለ ሰረሰሩ ሽፋን ከተበሳ ፈሳሽ ይወጣና ሲቀመጡ የሚብስ፣ ሲተኙ የሚለቅ ራስ ምታት ይመጣል። በቦይው ውስጥ ደም ከፈሰሰ ሕብለ ሰረሰሩን ይጫነዋል። ኢንፌክሽን አለ። የነርቭ ጉዳት አልፎ አልፎ የሚደርስ ቢሆንም አለ።

ዝግጅቱ ላይ እጅዎ ያለበት ሥራ አለ። ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ መቼ እንደሚያቆሙና መቼ እንደሚጀምሩ ያዘዘልዎ ሐኪምና ቀዶ ሐኪሙ ተነጋግረው ይወስኑ፤ በራስዎ አያቁሙ፣ ሳይናገሩም አይግቡ። ስኳር ካለብዎት ቁጥሩ ይስተካከል። ሲጋራ ቁስል እንዳይድን ያደርጋል፣ ኢንፌክሽንም ይጋብዛል፤ ለጥቂት ሳምንታት እንኳ ማቆም ይጠቅማል። የመረቀዘ ጥርስ፣ የሽንት ኢንፌክሽን፣ የተላጠ ቆዳ ካለ አስቀድሞ ይታከም። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት

የመጀመሪያው ሽቦ የሸሸበት ሰው ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ ያንብብ። ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ አንዳንዱ ሐኪም እስከ 12 ሳምንት፣ ጎንበስ ማለት፣ መጠምዘዝና ከባድ ማንሳት አይቻልም። እጅን ከራስ በላይ መዘርጋትም እንደዚሁ። ወሬው ቀላል ነው። ኑሮው ላይ ግን እንዲህ ነው፦ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ብርጭቆ ማውረድ የለም። ከመኪና የኋላ ወንበር ዕቃ ዞር ብሎ ማንሳት የለም። ሕፃን ሲያለቅስ ማንሳት የለም፤ ሰው አንሥቶ ጭንዎ ላይ ያስቀምጥልዎ። ከአልጋ ሲነሡ ትከሻና ዳሌ አንድ ላይ እንደ ግንድ ተንከባለው በጎን፣ ከዚያ በእጅ ተደግፈው። ወለል ላይ የወደቀ ነገር ካለ ወገብ ሳይታጠፍ በጉልበት መቀመጥ፣ ወይም ሌላ ሰው መጥራት። "ትንሽ ነገር ናት" ብለው ያነሷት ነች ብዙ ጊዜ ሽቦውን የምትጎትተው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስሜቱ ቢበዛ ወይም ቢያንስ አይደናገጡ። እብጠቱ ሲቀንስ ይቀያየራል። የቁስሉ ሕመም ከድሮው ሕመም ጋር ተደባልቆ "አልሠራም" ሊያስብልዎ ይችላል፤ ፍርዱን ለጥቂት ሳምንታት ያቆዩት። ውርር የሚለው ስሜት በርቶ ሳለ መኪና አይንዱ፤ ድንገት ከተንቀሳቀሰ እግርዎን ከፍሬኑ ላይ ሊያስነሳ ይችላል። ፊዚዮቴራፒ ከሄዱ ደግሞ ዳያተርሚ የሚባለው ጥልቅ የማሞቂያ ሕክምና በፍጹም አይደረግልዎ። ሙቀቱ በሽቦው በኩል ወደ ሕብለ ሰረሰሩ ይሄዳል። ይህን ለቴራፒስቱ እርስዎ ይንገሩት፤ ያውቃል ብለው አይተዉት።

ትኩሳት፣ ከስፌቱ የሚወጣ ፈሳሽ፣ እያደር የሚቀላ ኪስ ካዩ በዚያው ቀን ይደውሉ። እግር ድንገት ከደከመ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ በጭኖች መካከል ከደነዘዘ ደግሞ መደወልም አያስፈልግም፤ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ከሆስፒታሉ ሲወጡ ሁለት ነገር ይዘው ይውጡ። አንደኛው አዲሱ የመሣሪያ መታወቂያ ካርድ ነው፤ የሽቦው ሞዴል ከተቀየረ የድሮው ካርድ አያገለግልም። ሁለተኛው የዚያን ቀን ራጅ ነው፣ የሽቦው ጫፍ ስንተኛው አከርካሪ ላይ እንዳለ ተጽፎበት። በሲዲ ቢሰጡዎት ስልክዎ ላይም ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡት፤ ሲዲ ይጠፋል። ምናልባት አንድ ቀን ጫማዎን ሊያስሩ ጎንበስ ብለው ጎንዎን ቢነዝርዎት፣ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅዎ ያንን ፎቶ ነው።